ቁርጡን ጠይቂልኝ

ወንድሜ ሊያገባ በተቃረበበት ሰሞን ስለ አልማዝ ያላነበብኩት ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። እኔ አልማዝ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። ያነበብኩት እሱ እንዳያፍር ብዬ ነው።

በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል። ጆሃንስበርግ የመጣው እኔ ገና ፊደል ስቆጥር ነበር። መጀመሪያ ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ዘመዳችን ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ዳቦና ወተት ሲሸጥ ቆየ፤ ከዚያ ጀፕ ወደሚባለው የመሐል ከተማ ገበያ ወርዶ ብርድ ልብስ ማከፋፈል ጀመረ። አባታችን ሲሞት እኔን አስመጥቶ ያስተማረኝ እሱ ነው። ዛሬ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ፤ ትሮይቪል በሚባል ሰፈር አብረን እንኖራለን። ጠባያችን ግን የአንድ እናት ልጆች አያስመስለንም። እሱ ደንበኛውን ገና ከደጅ በዙሉ ሰላምታ ተቀብሎ፣ የእናቱን ጤና ጠይቆ፣ ብርድ ልብሱን ትከሻው ላይ አልብሶት ያርፋል። እኔ ታክሲ ውስጥ ወራጅ መሆኔን ጮክ ብዬ መናገር እያፈርኩ ስንት ጊዜ ከሰፈሬ አልፌ ወርጃለሁ።

ወንድሜ የሚያገባት ሴት በመንግሥት ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ናት። የተዋወቁት ብርድ ልብስ ልትገዛ ሱቁ መጥታ ነው። ዋጋ መከራከር አታውቅም፤ የጠራላትን ልትከፍል ቦርሳዋን ስትከፍት እሱ ራሱ "ኧረ ትንሽ ተከራከሪኝ እንጂ፣ እንዲህማ አልሸጥም" ብሏት እንደነበር እየሳቀች ነግራኛለች። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ብርድ ልብስ እንደገዛች አላውቅም፤ የተከራየችው ክፍል ግን ከብርድ ልብስ በቀር ሌላ ዕቃ እምብዛም አልነበረውም።

በእኛ ኒካሕ ሙሽራው ለሙሽራይቱ መህር ይሰጣል። መህር የሷ፣ ባልም ዘመድም የማይነካባት ስጦታ ነው፤ ምን እንደምትፈልግ የምትናገረውም እሷው ናት። በእኛ አገር ሰው ዘንድ ብዙውን ጊዜ ወርቅ ይባላል፤ ወርቅ ማንም ያውቀዋል፣ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ ያበቃል። ሽማግሌዎቹ ሄደው ሲጠይቋት ግን ያልጠበቁትን መልስ ይዘው ተመለሱ። አንድ የአልማዝ ቀለበት ብቻ ነው የምፈልገው፣ ብላለች። ትልቅ ትንሽ አላለችም። የነገሩንን እንዳለ ልጻፈው፦ "እሱ ራሱ ይምረጠው። እኔን እንዴት እንደሚያየኝ በዚያ አውቃለሁ።"

ሽማግሌዎቹ ይህን ሲነግሩን ተሳሳቁ፤ ወንድሜም አብሯቸው ሳቀ። ከሸኛቸው በኋላ ግን ሶፋው ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ግማሽ አውልቆ ቀረ።

"ብርድ ልብስ ሻጭ መሆኔን ታውቃለች" አለኝ። "እንደ ብርድ ልብስ ሻጭ መምረጤን ግን ማወቅ የለባትም።"

አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርቱን ያቋረጠው። ይህን ማንም አንስቶበት አያውቅም፤ እሷም ከመጀመሪያው ታውቃለች። እሱ ግን የሆስፒታል ጓደኞቿ በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ያ ነገር በአንዱ ጥግ ተቀምጦ የሚጠብቀው ይመስለው ነበር። ቀለበቱ ፈተና ሆነበት። "አንቺ ተምረሻል፣ አንብቢልኝ" አለኝ፤ እኔም ማንበብ ከሰው ጋር ከማውራት ይቀለኛልና አነበብኩ።

መጀመሪያ ያስቸገረን ካራት ነው። እሱ የሚያውቀው የወርቁን ካራት ነው፤ ሃያ አንድ ካራት ሲባል ጥራቱ ማለት ነው። ስለዚህ "ለሐኪም የሚሆን ነው፣ ከሃያ አንድ እንዳይወርድ" ብሎኝ ወደ ሥራው ሊሄድ ተነሣ። በአልማዝ ካራት ክብደት እንደሆነ፣ ሃያ አንድ ካራት የሚመዝን አልማዝ ደግሞ ነገሥታት ዘውድ ላይ ካልሆነ በቀር እንደማይገኝ ስነግረው ተመልሶ ተቀመጠ። ተስፋ ይቆርጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ፊቱ በራ። ክብደት ከሆነማ የሱ ነገር ነው። እነዚያ ፀጉራም ወፋፍራም ብርድ ልብሶች የሚሸጡት በክብደታቸው ነው፤ ደንበኛ በሁለት እጁ አንሥቶ ይመዝነዋል፣ ከከበደው ይገዛዋል። በዚያች ደቂቃ ወንድሜ አልማዝ የገባው መሰለው፦ ከባዱ ጥሩ ነው፣ ቀላሉ ርካሽ ነው።

እኔ ግን ያነበብኩት ሌላ ነበር። የድንጋዩ ክብደት፣ ቀለሙና ጥራቱ ከመሬት ይዞት የመጣው ነው፤ የሰው እጅ ያለበት አንዱ ነገር አሠራሩ ነው። እንግሊዝኛው መቁረጥ ይለዋል። ብርሃን ከላይ በድንጋዩ ፊት ይገባል፤ ከሥር ያሉት ጎኖች በልካቸው ያዘነበሉ ከሆኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ተቀባብለው ወደ ላይ፣ ወደ ተመልካቹ ዓይን ይመልሱታል። አልማዝ አበራ የምንለው ይህን ነው። ሥሩ ከመጠን በላይ ጥልቅ ከሆነ ብርሃኑ በጎን ያመልጣል፣ መሐሉ ይጨልማል። በጣም ጠፍጣፋ ከሆነ ደግሞ በሥሩ ይፈስሳል፤ ድንጋዩ እንደ ተራ መስታወት አሳልፎ ያሳያል። ታዲያ ለምን አበላሽተው ይሠሩታል የሚለው ጥያቄ እኔንም አስጨንቆኝ ነበር። መልሱ ክብደት ነው። በልኩ ለመሥራት ብዙ መቀነስ ያስፈልጋል፤ ሠሪው መቀነሱ ካሳሳው ሥሩን እንደ ሆድ ያስቀረዋል። ገዢው ከላይ ለማያየው፣ ለተደበቀ ክብደት ይከፍላል።

ይህን ለወንድሜ ለማስረዳት ቃል አጣሁ። ቅርጽ ብዬ ስጀምርለት "ክብ ነው የምፈልገው ብዬሽ የለም እንዴ" ብሎ ዘጋኝ። ቅርጽና ይህ ነገር የተለያዩ ናቸው፤ ክብ ሆኖ የተበላሸ አለ፣ ክብ ሆኖ የተዋጣለትም አለ። አቆራረጥ አልኩ፤ ሱቁ ውስጥ ሰው ገባና አቋረጠን። በመጨረሻ ልንገዛ በሄድንበት ቀን ታክሲ ውስጥ ዳግመኛ ሞከርኩ። "ጋሼ፣ ዋናው ቁርጡ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ቁርጡን እንዳትረሳ" አልኩት። እሱ በስልክ ከአንድ ደንበኛ ጋር ስለ ጭነት እየተነጋገረ ራሱን ነቀነቀልኝ። ለእኔ ይሁን ለደንበኛው፣ ያን ጊዜ አልለየሁም።

የአልማዙ ሱቅ ከጀፕ በእግር የሚደረስ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ደወል ይደወላል፣ አንዱ በር ይከፈታል፣ እሱ ከኋላ ሳይዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። በሁለቱ በሮች መካከል ስንቆም ወንድሜ የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ፈታ፣ እንደገና ቆለፈ። ሻጯ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ነበረች። ጥቁር ጨርቅ ዘረጋችልንና ድንጋዮቹን በመቆንጠጫ እያነሣች ደረደረች። ከላይ ትንንሽ ደማቅ መብራቶች አሉ፤ በዚያ ብርሃን ሥር ሁሉም ያብረቀርቃሉ።

ወንድሜ ግን ከአንዱ ሌላ አላየም። ከሁሉም ትልቁ ነበር። "ማሻአላህ" አለ ቀስ ብሎ፤ ወዲያው የገበያ ፊቱን አደረገ፣ ያልወደደ መሰለ። ይህን ፊት አውቀዋለሁ፤ ጅምላ ሲገዛ የሚያደርገው ነው። ከዚያም ሻጯን ሳያይ በአማርኛ እንዲህ አለኝ፦

"ቁርጡን ጠይቂልኝ።"

ደስታዬን መግለጽ ይከብደኛል። ሰምቶኛል፣ ታክሲ ውስጥ ያልኩትን አልረሳም፣ አልኩ በልቤ። በዚያ ደስታ ድፍረት አግኝቼ፣ የማላውቃትን ሴት ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ የዚህ ድንጋይ አሠራሩ እንዴት ነው ብዬ በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት።

ሻጯ መቆንጠጫውን አስቀመጠች። ጥሩ ጥያቄ ነው አለችኝና ሳትሸሽግ ነገረችኝ። የዚህኛው አሠራሩ ጥሩ አይደለም፤ ክብደቱን ለማዳን ብለው ሥሩን አጥልቀውታል፤ የምስክር ወረቀቱም ላይ ደረጃው ዝቅ ያለ ነው።

"ምን አለች?" አለ ወንድሜ።

"ቁርጡ ጥሩ አይደለም አለች።"

ወንድሜ አየኝ፤ ሻጯን አየ። "ራሷ ናት ያለችው?"

"ራሷ።"

"ሱብሃነላህ። ይህን ያህል ዓመት ስነግድ ዋጋዬ ጥሩ አይደለም የሚል ነጋዴ..." ብሎ በጉሮሮው የቀረውን ዋጠው። የዋጋን ነገር ማንሣቱ እንኳን አላነቃኝም፤ ሁልጊዜ የሚያነሣው እሱን ስለሆነ። "በያ፣ የሚሻለውን ትንገረን በያት።"

የሚሻል አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ከጎን ያለውን አነስ ያለ ድንጋይ ወደ እኛ ገፋ አደረገችው። ይህኛው ቁርጡ በጣም ጥሩ ነው ትላለች፣ አልኩት።

"ለዚህች ጠጠር ማን ጠየቃት? የትልቁን ነው የምላት። ጥሩ አይደለም ካለች ታስተካክላ።"

ይህንንም አቀረብኩላት። ሻጯ ትንሽ አሰበችና ይቻላል አለች፤ እንደገና ወደ ሠሪው ተልኮ ሊቆረጥ ይችላል።

"ትልቁ እንደገና ሊቆረጥ ይችላል አለች፣ ጋሼ። ግን ያንሳል።"

"ታዲያ እኔስ እንዲያንስ አይደል እንዴ የምፈልገው?"

"ብዙ ነው የሚያንሰው ትላለች።"

ወንድሜ ያን የገበያ ፊቱን ጣለው። ጥርሱ እስኪታይ ፈገግ ብሎ በጨርቁ ላይ እጁን ለሻጯ ዘረጋ። እጅ ተመታ ማለት ነው፤ በእኛ ገበያ ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ የለም። ሴትዮዋ ለምን እንደሆነ ባይገባትም በትሕትና ጨበጠችው። "አላህ ይባርክሽ በያት። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ አለ ቢሉኝ አላምንም ነበር" አለኝ እጇን ሳይለቅ። "በያ፣ አሁን ስንት ገባ?"

ያኔ ነው የነቃሁት። እሱ ሲጠይቅ የቆየው ቁርጥ ዋጋውን ነው፤ የመጨረሻውን። እኔ ስንት ቀን ያንን ቃል ለአልማዙ ስለካው ስለኖርኩ ከአፉ ሲወጣ ሌላ ትርጉም ያለው መሆኑ ጭራሽ ጠፍቶኛል። ለአንዱ በአማርኛ ለአንዷ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ለሁለቱም እኩል ተንተባተብኩ። ሻጯ ከልቧ ሳቀች፤ በእኛ ላይ አልነበረም የምትስቀው፣ በደንብ ይታወቅ ነበር። ወንድሜ ግን እጁን ከጨርቁ ላይ ሰብስቦ ጭኑ ላይ አደረገ።

"ምንድን ነው ታዲያ እሱ ነገር?" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "በአማርኛ ንገሪኝ።"

ድንጋዩን ከየጎኑ እየቀነሱ፣ ፊት ፊት እያወጡለት፣ በልክ ማስተካከል ነው፣ አልኩት።

"ጠረባ ነዋ።" ድንገት ቀና አለ። "ድንጋይ ይጠረባል እንጂ ይቆረጣል እንዴ? ቁርጥ የሥጋ ነው፣ የዋጋ ነው። አንቺ ምሁር፣ ጠረባ ብትዪኝ ኖሮ ያኔ ታክሲ ውስጥ አይገባኝም ነበር?"

ትክክል ነበር። ያገሬ ሰው ለቤት መሠረት ድንጋይ ሲያዘጋጅ የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳን ትዝ አላለኝም።

ሻጯ ሁለቱን ድንጋዮች በታጠፈ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጋ ከመብራቶቹ ሥር አወጣቻቸው፤ መብራቱ ሁሉንም ያሳምራል፣ እዚህ ብቻ ዓይታችሁ እንዳትወስኑ አለችን። መጀመሪያ ወደ መስኮቱ ወሰደቻቸው። ቀጥላ ከጠረጴዛው በታች፣ ጥላ ውስጥ ያዘችልን። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየ። ትልቁ ድንጋይ ጥላ ውስጥ ሲገባ መሐሉ ጠቆረ፣ ጭስ እንደያዘ ጠርሙስ። ትንሹ ካለችው ጥቂት ብርሃን እየለቀመ ወዲያና ወዲህ ብልጭ ይል ነበር። ከጎን ስታሳየን የትልቁ ሆድ ታየ። ከላይ ስናያቸው ደግሞ የፊታቸው ስፋት በክብደታቸው ልክ የተራራቀ አልነበረም።

"ሙጫ ነው" አለ ወንድሜ። እንዳልገባኝ ሲያይ ቀጠለ፤ አንዳንድ ፋብሪካ ብርድ ልብሱ ከባድ እንዲመስል አንዳች ነገር ያጠጣዋል፤ አንዴ ሲታጠብ ክብደቱ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ደንበኛ ተመልሶ መጥቶ ይሰድባል። ይህን ሁሉ እያለ ግን ዓይኑ ከትልቁ ላይ አልተነሣም። ልናስብበት ብለን ሳንገዛ ወጣን።

ወደ ጀፕ፣ ወደ እሱ ሱቅ ተመለስን። ሸቀጥ የተሸከሙት ሰዎች በመካከላችን ሲያልፉ እየተለያየን፣ እየተገናኘን ሄድን። ሱቁ ደርሰን ብርድ ልብስ ክምር ላይ ከተቀመጥን በኋላ ነው የተነፈሰው። ጠረባው ገብቶታል፤ ዓይኑ ዓይቷል። ግን የኒካሑ ዕለት ቀለበቱን ከጥላ ሥር አስገብቶ የሚመረምር ማን አለ? ሽማግሌዎቹ፣ አክስቶቿ፣ የሆስፒታል ጓደኞቿ ከክፍሉ ወዲያ ማዶ ሆነው ነው የሚያዩት፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው መጠኑ ነው። ትልቁን ካደረገላት፣ ጨለመም በራ፣ ያ ጀፕ ያለው ሰውዬ አቅም አነሰው የሚል አይኖርም። ትንሹን ካደረገ ግን ምክንያቱን ለእያንዳንዱ ሰው እየዞረ ሊያስረዳ ነው?

"አንቺ ብትሆኚ የቱን ትወጃለሽ?" አለኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ "አንተ እንዳልክ" ማለት ልማዴ ነው። ያን ዕለትም አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን ካልሲውን ግማሽ አውልቆ የተቀመጠበት ምሽት ትዝ አለኝና መለስኩት።

"እነሱ አንድ ቀን ነው የሚያዩት፣ ጋሼ። እሷ ግን በየቀኑ ነው የምታየው፤ ጥላም ውስጥ፣ ፀሐይም ላይ።"

 የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደርሶ ስለነበር ተነሥቶ ሊሰግድ ሄደ።

በሳምንቱ፣ እንሂድ ይለኛል ብዬ ቦርሳዬን አንሥቼ ጠበቅኩት። እሱ ግን ሊሰናበተኝ ነው የመጣው። "አንቺ አትመጪም። እሱ ይምረጠው ነው ያለችው፤ እሱና እህቱ አላለችም" አለኝ። ስልክህ ላይ የእንግሊዝኛ ጥያቄዎች ልጻፍልህ አልኩት፤ እምቢ አለ። የሱ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ለብርድ ልብስ ይበቃል። በዚያ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው ስመልስ ሁለት ጊዜ ያላቦታው አስቀምጬ አለቃዬ ጤነኛ መሆኔን ጠየቀችኝ።

ሲመለስ ያለው አንድ ቃል ነው፦ "ጨረስኩ።" ሣጥኑን አላሳየኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ዝም ማለቱ አስፈራኝ። ወንድሜ በሠራው ነገር ሲኮራ ለሰፈሩ ሁሉ የሚናገር ሰው ነው፤ ዝም የሚለው ሲያፍር ነው። ስለዚህ ትልቁን እንደገዛ ለራሴ ወሰንኩ። አዘንኩለት እንጂ አልተናደድኩም። በሰው ፊት ላለማነስ የሚደረግ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል። ሙሽራይቱም አስተዋይ ናት፤ ብታውቅም ትስቅለት ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ኒካሑ የታሰረው አክስቷ ቤት ነው። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶቹ ከውስጠኛው ክፍል ሆነን በተከፈተው በር የሸኹን ድምፅ እንሰማ ነበር። መህሩ አንድ የአልማዝ ቀለበት መሆኑ ተነገረ፤ ተቀበለች። ወዲያው ሣጥኑ በእጅ በእጅ ተላልፎ እኛ ዘንድ ደረሰ፣ ሙሽራይቱም ከፈተችው።

ትልቁ አልነበረም። ትንሹም አልነበረም። ያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ያላየነው ሦስተኛ ድንጋይ ነው፤ በመጠን ከሁለቱ መካከል፣ ቀለሙ ጥቂት ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ግን በቢጫ ወርቅ ስለተከበበ ፈልጎ ላላየው የማይታወቅ። ያነበብኩትን ሁሉ ይዤ አንገቴን አሰገግኩ። ሙሽራይቱ ስታጎነብስ ነጠላዋ ጥላ ጣለበት፤ ድንጋዩ ጥላው ውስጥ አልጠቆረም። ወንድሜ ከቀለሙ ቀንሶ ጠረባውን አልለቀቀም ማለት ነው። እፎይ አልኩ። አቀማመጡ ግን አላማረኝም። እንደሌሎቹ ቀለበቶች በቀጫጭን ጥፍሮች ተይዞ ወደ ላይ ከፍ አላለም፤ ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን ለስላሳ የወርቅ ጠርዝ አቅፎት፣ ከጣቷ ጋር እኩል ለመሆን ትንሽ ቀርቶት ነው የተቀመጠው። በዚህ ላይ ጠርዙ ድንጋዩን አሳንሶታል።

አክስቷም ያየችው ይህንኑ ነው። "አወይ፣ ምነው ሸሸጋት" አለች፤ "ያን ሁሉ ብርድ ልብስ ሸጦ ሸጦ፣ ይችንም ብርድ ልብስ አለበሳት እንዴ?" ሴቶቹ ሳቁ። በሩ ክፍት ስለነበር ሳሎን ድረስ እንደተሰማ እርግጠኛ ነኝ።

ሙሽራይቱ አልሳቀችም። ቀለበቱን አጠለቀች። ብርሃን ላይ ከፍ አድርጋ ታየዋለች ብዬ ስጠብቅ እጇን ወደ ፊቷ አምጥታ በጉንጯ ላይ ቀስ አድርጋ አሳለፈችው። አንድ ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"የሕፃናቱን ነገር አንቺ ነሽ ያስታወስሽው?"

አልገባኝም፤ እሷው አስረዳችኝ። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ ቀለበት የጨቅላ ጉንጭ ጭሮ ደም እንዳወጣ ብርድ ልብስ ሱቁ መጥታ ስታወራ ለወንድሜ ነግራው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሆስፒታሉ ሴቶች ድንጋይ ያለበት ቀለበት ሥራ ላይ አያደርጉም። ቀለበት ስትጠይቅ እሱ ይህን ያስታውሳል አላለችም፤ ሕፃናቱ የተኙበት ክፍል ስትገባ አውልቃ ኪሷ እንደምትከት አስባ ነበር።

"እኔ አላውቅም ነበር" አልኳት። "ምንም አልነገርኩትም።"

"አይቧጭርም" አለች፤ ለእኔም ለአክስቷም ሳይሆን። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አክስቷ ስለ ቀልዷ መስሏት ደነገጠች፣ ትከሻዋን እየዳበሰች ይቅርታ ጠየቀቻት።

ወጥቼ መተላለፊያው ላይ ወንድሜን አገኘሁት። ሱፉ ጠብቦት ነበር። የአክስቷን ቀልድ ሰምቷል፤ ከፊቱ አወቅኩ።

"ምን አለች?"

"አይቧጭርም አለች። ጉንጯ ላይ ሞክራው ነው።"

ግድግዳውን ተደገፈ። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ያደረገውን ነገረኝ። ሕፃን የምትይዝ ሴት ናት ለማለት እጆቹን አጥፎ ሲያወዛውዝ ሻጯ የልጅ ቀለበት አመጣችለት። ድንጋዮቹን እየተሸከመ ከመስኮቱ ወደ ጠረጴዛው ሥር ሲመላለስ ዋለ። ያለቀላቸውን ቀለበቶች ደግሞ አንድ በአንድ ጉንጩ ላይ ሞከረ፤ ጢሙ አላስለይ አለው። "ጉንጭሽን አውሺኝ እንዳልላት አፈርኩ" አለኝ። በመጨረሻ የክንዱን ውስጠኛ ቆዳ፣ ለስላሳውን፣ አገኘ። የጭረቱ ምልክት እስኪድን ድረስ እጅጌውን ሰብስቦ ለሶላት መታጠብ እንኳን ያሳፍረው ነበር። ለእኔ ያልነገረኝ ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። ምርጫው የሱ ብቻ እንዲሆን ፈልጎ ነው፤ ከተሳሳተም ስሕተቱ የሱ ብቻ እንዲሆን።

ሳሎን ውስጥ ይጠሩት ጀመር። አልሄደም።

"ምን አለች?" አለኝ። "እንደገና ንገሪኝ።"

ነገርኩት።